የሰኔ ሚካኤል ብርቱካኖች

ሰመራ፣ ልጄ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ በየዓመቱ የማየው ነገር አለ። የመሥሪያ ቤት ሰዎች ኮፍያ አድርገው፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት አልፎ ፀሐይዋ አናት መብሳት ስትጀምር ችግኝ ይተክላሉ። ፎቶ ይነሣሉ። በዜና ይህን ያህል ችግኝ ተተከለ ይባላል። ስንቱ ጸደቀ ብሎ የሚጠይቅ እስካሁን አልሰማሁም። ባለፈው ልጄን «መትከልማ ጉድጓድ ያለው ሁሉ ይተክላል» አልኳት። «እማዬ፣ ደሞ ጀመረሽ» ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

አዎ፣ ጀመረኝ። በዚህ ነገር ዝም ማለት አልችልበትም። በአማርኛችን ነፍስ ገነት ስትገባ ጸደቀች እንላለን፤ ችግኝ ከአንድ አፈር ወደ ሌላ ተዛውሮ ሥር ሲሰድም ጸደቀ እንላለን። ሁለቱን ማን እንዳገጣጠማቸው አላውቅም። እኔን ግን አንድ ጊዜ ከሥራ አለቃዬ፣ ከወንድሜና ከቅዱስ ሚካኤል ጋር አጣልተውኛል።

ያኔ ሰመራ የሚባል ከተማ አልነበረም። ወደ ሰርዶ የሚያልፍ የካሚዮን ሹፌር እዚህ ቦታ ላይ ከድንጋይ በቀር የሚያየው ነገር አልነበረውም። እኛ የነበርነው ከዚህ ርቆ፣ ከአዋሽ አርባ ወዲያ፣ ወንዙ ዳር ያለ የጥጥ እርሻ ካምፕ ውስጥ ነው። ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጨረሻ ግድም ነው፤ ዕድሜዬ ሃያ አልሞላም። ታላቅ ወንድሜ የእርሻው ጸሐፊ ነበር። እኔ ደግሞ ከሸዋ ደጋ ባሌን ትቼ እሱ ዘንድ የመጣሁ እህቱ ነበርኩ።

ባሌ አልደበደበኝም፣ አላስራበኝም። አልወደውም ነበር፤ ነገሩ ይኸው ነው። ይህን ለሽማግሌዎች ስናገር «ይኼ ደግሞ ምክንያት ነው?» አሉኝ። ለእኔ በቂ ምክንያት ነበር። ዛሬም በቂ ነው።

ወንድሜ ግን አፍሮብኛል። ከአገር ቤት ደብዳቤ በደረሰው ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። አንድ ቀን ምሳ እየበላን «ሰኔ መጨረሻ ላይ ፈቃድ እወጣለሁ። አብረን እንሄድና ከባልሽ አስታርቅሻለሁ» አለኝ። ቁርጥ ያለ ነገር ነበር። የእኔን ሐሳብ አልጠየቀም።

እኔ ያን ጊዜ በቀን ሠራተኛነት ገብቼ የእርሻውን የችግኝ መደብ አጠጣ ነበር። የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ጥጥ ብቻ አይበቃንም፣ ብርቱካንም እንሞክር ብሎ ስልሳ የብርቱካን ችግኝ ከሐረር በኩል አዘዘ። ካቦው፣ ማለትም የቀን ሠራተኛው አለቃ፣ ማጠጣቱን ለእኔ ሰጠኝ። ችግኞቹ ከያዙ በቋሚነት እንደምቀጠር ተነገረኝ። ይህን ለወንድሜ ስነግረው ሳቀ።

«አንቺም ብርቱካኑም የደጋ ናችሁ። እዚህ ቆላ አንዳችሁም አትጸድቁም» አለኝ።

«ከጸደቁስ?»

«ፈቃዴ ሳይደርስ አዲስ ቅጠል ካወጡ ቅሪ።»

«ሚካኤልን! ካላወጡ በገዛ እግሬ ባቡር ላይ እወጣለሁ» አልኩ። በሚካኤል መማሌ ኋላ ምን እንደሚያመጣብኝ መች አወቅሁ።

ችግኙ ለምን በሰኔ እንደታዘዘ ልንገራችሁ። ደጋ ላይ ሰኔ የተከላ ወር ነው፤ ዝናቡ ይጀምራል፣ አፈሩ ይለሰልሳል፣ ዱላ ብትሰኩበት እንኳ የሚያቆጠቁጥ ይመስላል። ካቦው ደገኛ፣ የትዕዛዙን ደብዳቤ የጻፈው ወንድሜም ደገኛ። ሁለቱም ሳያስቡት «ለሰኔ ይድረስልን» አሉ። አዋሽ ላይ ግን ሰኔ ማለት እሳት ነው። የዶማ ብረት በቀትር በባዶ እጅ አይነካም። ሁላችንም ከአገራችን ስንወርድ የአገራችንን ወራት ይዘን ነው የወረድነው፤ አፈሩ ደግሞ የእኛን ወራት አያውቅም።

ችግኞቹ ሐሙስ ማታ በባቡር አዋሽ ደርሰው በእርሻው ካሚዮን ካምፕ ገቡ። ሰኔ ሚካኤል በማግስቱ ዓርብ ነበር። ጆንያውን ፈታሁት። ጭነቱ ይቅለል ብለው ነው መሰለኝ፣ አፈሩን ከሥሩ ላይ አራግፈውታል። ራቁቱን የቀረው ሥር እንደ አሮጌ ክር ተንጨባሯል። ጉድጓዶቹ ቀደም ብለው ተቆፍረው ስለነበር ካቦውን «አሁኑኑ እንትከላቸው» አልኩት።

«አሁን መሽቷል» አለ። «ነገ ሚካኤል ነው። ቅዳሜ ሰንበት ነው። እሑድም ሰንበት ነው። ሰኞ በጠዋት እንተክላለን።»

«እስከ ሰኞ ይደርቃሉ እኮ!»

«በዓል ሽሬ አፈር አልነካም። አንቺም አትነኪም።»

ሰኔና ሰኞ ሲባል እሰማ ነበር፤ ያን ለት ገጠመኝ። በበዓል ቀን አፈር የማይነካ ሰው እኔም ነበርኩ፤ አባቴ በሚካኤል ቀን ሞፈሩን እንኳ ከቦታው አያንቀሳቅስም ነበር። ካቦውን ስሰማ ግን በሰኞ የሚተከለው ማገዶ እንደሆነ፣ እኔም ከማገዶው ጋር ወደ ባሌ እንደምጫን ታየኝ። ተናደድኩ። ንዴቱ በካቦው ላይ ይሁን በራሴ ፍርሃት ላይ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ካምፑ በር ላይ ሻይና ምግብ የሚሸጡ የወሎ ሴት ነበሩ፤ እትዬ እንላቸዋለን። ከባቲ ሲመጡ አንድ የሮማን ዘንግ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው አምጥተው ተክለው፣ ከእሱም እየቆረጡ ጓሯቸውን በሙሉ ሮማን አድርገውታል። አዋሽ ላይ ዘንግ ያጸደቀ ሰው ሌላ አላውቅም ነበር። ዓርብ ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እኔ እሳቸው ዘንድ ሄድኩ።

ነገሩን ሰምተው «ተክል ሲነቀል ይደነግጣል» አሉኝ። «የደነገጠ ሰው ምን ይሰጡታል?»

«ውሃ።»

«እኮ! እንጀራ አይሰጡትም። ፍግ የሚባል አታስጠጊበት፤ ውሃና ጥላ ብቻ። አሁን ሥሩን ጭቃ ውስጥ ንከሪና ጆንያውን አርሰሽ አልብሽው። ቅጠሉንም ገሚሱን ቁረጭለት፤ ያን ሁሉ አፍ በምን ሊያበላው ነው? ጀንበር ስታዘቀዝቅ እንተክላለን።»

«እንተክላለን?» አልኩ።

«እኔ ጁምዓዬን ሰግጄ እመጣለሁ። እኛ ሰግደን ስናበቃ ወደየሥራችን ነው የምንበተነው። ያንችን መላእክት ደግሞ አንች ታውቂያለሽ» ብለው ሳቁ።

ገና ለጋ ቅጠል መቁረጥ ከመትከሉም የባሰ ከበደኝ። አገራችን ላይ ለምለም ነገር መቀንጠስ ነውር ነው። እየቆረጥኩ አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም ቆረጥኩ።

አሥር ሰዓት ሲል ጀመርን። በካምፑ በኩል ወተት ይዛ የምታልፍ አንዲት የአፋር ሴት ነበረች፤ ለእትዬ ወተት የምታቀርበው እሷ ናት። ቆማ አየችን። እኔ ሥሩን አስተካክዬ አቆመዋለሁ፣ እትዬ አፈር ይመልሳሉ። ካቦው በተረከዙ እየረገጠ ሲተክል አይቼ ስለነበር እኔም ልረግጥ ስል እትዬ እግሬን በመዳፋቸው መቱኝ። «በቡጢሽ ጫን ጫን አድርጊው። አፈሩ ይቀፈው እንጅ አይነቀው!»

የአፋሯ ሴት ወተቷን አስቀምጣ ከቦዩ ውሃ መቅዳት ጀመረች። ማንም አልለመናትም። ጥቂት ካጠጣች በኋላ በእጇ ዙሪያውን አሳየችኝና «እዚህ ግራር ነበር። ፍየል ጥላው ሥር ይተኛል። ቆረጣችሁ። አሁን ዛፍ ትተክላላችሁ?» አለችኝ።

ግራሩን የቆረጥኩት እኔ አይደለሁም ማለት እችል ነበር፤ ግን ደመወዜ ከተቆረጠው ግራር ቦታ ላይ ነው የሚመጣው። ቀጣዩን ችግኝ አነሣሁ። እሷም መልስ የጠበቀች አልመሰለኝም፤ ሄዳ ሦስት ያረጁ ሰሌኖች ይዛ ተመለሰች። ቀዳድደን በምዕራብ በኩል፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በምትመታበት በኩል፣ ለየችግኙ ጥላ አቆምንለት። ላልበቃቸው የጥጥ ጆንያ ቀደድን። ስልሳውም ሲያልቅ ገና ዓይን ለዓይን ያስተያይ ነበር። ወደ ካምፑ ስንመለስ እጄ እስከ ክንዴ አፈር ነበር። እትዬን «እነሱ ይጽደቁ እንጂ እኔስ ልኮነን» አልኳቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ካቦው መጣ። በሚካኤል ቀን እንዴት እንዲህ ታደርጊያለሽ ብሎ ካምፑ እስኪሰማ ጮኸ። ሊያባርረኝ ፈልጎ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ግን ከተተከለ ተተክሏል ብሎ ዝም አሰኘው። ካቦው ታዲያ ለቀን ሠራተኞቹ በሙሉ «እርግማን ያለበት ተክል ነው፣ ማንም ውሃ እንዳያጠጣው» አለ። ሠራተኞቹ ሰሙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎህ ሲቀድና ጀንበር ስትጠልቅ ውሃውን ለብቻዬ አመላለስኩ። ለብቻዬ ማመላለሴ ደስ ይለኝ ነበር ብል ውሸት አይሆንብኝም። ቁጭት ጉልበት ይሰጣል።

በሳምንቱ ቅጠላቸው መጠውለግ ጀመረ። ከማሳው ጥግ ያሉት ስድስቱ አንድ ቀትር ላይ አንገታቸውን ደፍተው ሳያቸው አላስቻለኝም። አጠጣኋቸው። እትዬ በቀትር እንዳላጠጣ ነግረውኝ ነበር፤ ሰምቼም ነበር። ውሃው ትኩሱ አፈር ላይ ፈላ ማለት ይቻላል። በማግስቱ ስድስቱም ጠቆሩ። ሄጄ ስናገር እትዬ አልተቆጡኝም፤ «አዘንሽላቸው? ለተክል ማዘን ጥላ መሆን ነው» አሉኝ ብቻ። ያን ስድስት የገደልኩት እኔ ነኝ። ካቦው አይደለም፣ ሚካኤልም አይደለም።

ከዚያ የቀሩትም ቅጠላቸውን ሁሉ አረገፉ። አንድም ሳይቀር። መሬት ላይ የተሰኩ የጥርስ መፋቂያዎች መሰሉ። ካቦው ሁለት ሠራተኛ ከነዶማው አስከትሎ መጣ።

«አየሽ የሚካኤልን እጅ?» አለኝ። «ንቀሉ!»

ችግኞቹ መሐል ገብቼ ቆምኩ። እትዬ ያስተማሩኝን አደረግሁ፤ አንዱን ግንድ ይዤ ልጡን በጥፍሬ ጫር አደረግሁት። ከቡናማው ሥር አረንጓዴ ወጣ፤ እርጥብ አረንጓዴ።

«ይኸው፣ እይ! ነፍስ አለው!» አልኩት። ካቦውን አንተ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር። የገዛ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። «ቅጠል ያጣ ሁሉ አልሞተም። ዶማው መጀመሪያ እኔን ነው የሚያገኘው!»

ሁለቱ ሠራተኞች ዶማቸውን አወረዱ። ካቦው «ለነገሩ ለማገዶ ይደርቁ» ብሎ ሄደ።

የወንድሜ ፈቃድ ደረሰ። አንድም አዲስ ቅጠል አልወጣም። ሻንጣውን ከማሰሩ በፊት ወስጄ የተጫረውን ልጥ አሳየሁት። «ይኼ ግንድ ነው» አለ። «የተነጋገርነው ስለ ቅጠል ነው።» እውነቱን ነው፤ የተነጋገርነው ስለ ቅጠል ነበር።

በካሚዮን አብረን አዋሽ ባቡር ጣቢያ ሄድን። የእኔንም ጥቅል ይዞልኛል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር፤ ሁሉን አስቀድሜ የወሰንኩ አስመስዬ ማውራት አልፈልግም። ባቡሩ መጣ። ወንድሜ ወጣና እጁን ዘረጋልኝ።

«ውጪ» አለኝ።

«አልወጣም፣ ጋሼ።»

«በሚካኤል ምለሻል!»

«ምያለሁ። ከሚካኤል ጋር እኔው እነጋገራለሁ።»

«ቃልሽን በላሽ?»

«በላሁ። ጥቅሌን አቀብለኝ።»

ሰው ሁሉ ያየናል። ወንድሜ ከዚያ በፊት ሲያፍር አይቼው አውቃለሁ፤ እንደዚያ ለት ግን አይቼው አላውቅም። ጥቅሌን አላቀበለኝም፤ ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ከመስኮቱ ወረወረው። አቧራው ላይ ተፈታ። ተንበርክኬ ሰበሰብኩት። ፈራሁ። ውርርዱን ተሸንፌያለሁ፣ መሐላዬን አፍርሻለሁ፣ ወንድም የለኝ፣ ባል የለኝ፤ ያለኝ ሃምሳ ምናምን ቅጠል የሌለው እንጨት ነው። ግን አንድ ነገር ገብቶኝ ነበር። እንጨቶቹ ባይዙ እንኳ አልሄድም። ለመቅረት የእነሱን ፈቃድ መጠየቄ ራሱ ስሕተት ነበር።

ሐምሌ ከገባ በኋላ፣ አንድ ማለዳ ውሃ ሳፈስ በአንዱ ግንድ ጎን ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታህል አረንጓዴ ነገር አየሁ። ተባይ መስላኝ ልነቅላት ስል እጄን ሰበሰብኩ። እምቡጥ ናት። ወደ ሁለተኛው ሮጥኩ፤ እሱም አለው። ማጠጫውን ጥዬ እየጮህኩ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። ሻዩን እሳት ላይ ትተው መጥተው፣ አጎንብሰው አንድ በአንድ ዳበሷቸው። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ከዚያ ወዲያው «ፍግ አታስጠጊ ብያለሁ፣ ገና ነው» አሉ። በመጨረሻ አርባ አንዱ ጸደቁ። አሥራ ዘጠኙ ቀሩ። በቋሚነት ተቀጠርኩ። ካቦውማ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እኔ ያስተከልኩት ብርቱካን» እያለ ያሳይ ጀመር። የአፋሯ ሴት ሰሌኖቿን ልመልስላት ስል አልተቀበለችኝም፤ «ጥላ ሲሆን ፍየሌ ይተኛበታል» አለችኝ። እሺ አልኳት። ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ የእርሻው ዘበኛ ፍየሏን ሲያባርር እኔ አስገባ ነበር።

ወንድሜ ነሐሴ ላይ ተመለሰ። እናቴ የቀሩትን ልብሶቼን በሙሉ አጣጥፋ በእሱ ልካልኛለች። ምንም መልእክት የለውም፤ ልብሱ ራሱ መልእክት ነበር። ወንድሜ ጥቅሉን ሰጥቶኝ ሳያርፍ ወደ ብርቱካኖቹ ሄደ። ቅጠሉ በዓይኑ ፊት እያለ ጎንበስ ብሎ አንዱን ግንድ በጥፍሩ ጫረው። ከዚያ ጥፍሩን አየ። «ጸድቀዋል» አለ። ያን ለት ምሳችንን እንደ ድሮው አብረን በላን።

የቀረኝ ሚካኤል ነበር። በፍልሰታ ጾም አዋሽ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ለቄሱ ሁሉን ተናዘዝኩ፤ በዓሉን መሻሬን፣ በመልአኩ ምዬ ማፍረሴን። ቄሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ስንት ችግኝ ተከልሽ?» አሉ።

«ስልሳ፣ አባ።»

«ስልሳ ስግደት ስገጂ፤ ለእያንዳንዱ አንድ።»

«አሥራ ዘጠኙ ሞተዋል፣ አባ። ስድስቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ለሞቱት እሰግዳለሁ። ለጸደቁት ግን አልሰግድም።»

ዓይናቸውን ገለጡ። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። መስቀሉን አሳለሙኝና «ሂጂ፣ እንዳልሽው አድርጊ» አሉኝ።

ከቅጥሩ ጥግ፣ ባዶው መሬት ላይ፣ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሰገድኩ። እየቆጠርኩ። ስነሣ ሁለቱም ጉልበቶቼ ላይ የአዋሽ አፈር ተጣብቆ ነበር። አላራገፍኩትም።